በቤታችን ያለ የመስተዋት ገንዳ ስንት ዓሣ ይችላል?

አባቶቻችን ዓሣን መብላት በብልኀት ነው ሲሉ የተናገሩት እሾኹን አስበው ነው። ዓሣን በቤት ውስጥ ማኖር ግን ከመብላቱ የበለጠ ብልኀት የሚጠይቅ መሆኑን የተረዳነው፤ ከዘመዶቻችን በአንዱ ቤት በደረሰው ነገር ነው። ነገሩ ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል፤ በአንዲት ሕፃን ልብ ያሳደረው ኀዘን ግን ትንሽ ስላልነበረ፤ በዚህ በቤተ ሰብ ገጻችን ላይ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንገልጠው ወደድን።

ይህ ዘመዳችን በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ፤ ልጆቹንም እጅግ የሚወድ ሰው ነው። ሴት ልጁ ስምንተኛ ዓመቷን በፈጸመች ዕለት፤ ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 35፣ ከፍታው 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም፤ ይኸውም የመስተዋት የዓሣ ገንዳ፤ ገዝቶ አመጣላት። ሻጩም «ይህ ገንዳ 112 ሊትር ስለሚይዝ 30 ዓሣ ያለ ችግር ይችላል» ብሎት ነበርና፤ 6 ወርቃማ ዓሦችንና ልዩ ልዩ ቀለም ያላቸውን 24 ትናንሽ ዓሦች በአንድ ቀን ገዝቶ በዚያው ቀን ጨመራቸው። ያን ምሽት ቤቱ በደስታ ተሞላ፤ የመጣው እንግዳ ሁሉ ከገንዳው ፊት ተነሥቶ መሄድ አቃተው። በአምስተኛው ቀን ጧት ሁለት ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈው ተገኙ። ከዚያ ወዲያ ሳይሞት የሚያድርበት ሌሊት ጠፋ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከ30ው ዓሣ 19ኙ አለቀ። ሕፃኒቱም በየጧቱ የሞቱትን ስትቈጥር ሰንብታ፤ በመጨረሻ ወደ አባቷ ቀርባ፤ «አባዬ፤ ምግብ አብዝቼ የገደልኋቸው እኔ ነኝ?» ስትል ጠየቀችው። እርሱም የሚመልስላት ቢያጣ ወደ እኛ መጥቶ፤ «ለመሆኑ ይህ ገንዳ ስንት ዓሣ ነው የሚችለው?» አለን። እኛም ዕውቀታችን ከእርሱ የማይሻል ስለ ነበረ፤ መጻሕፍት አገላብጠንና ለብዙ ጊዜ ዓሣ ያኖሩትን ሰዎች ጠይቀን ነው ይህን የምንጽፈው።

ዓሣን በመስተዋት ዕቃ ውስጥ በሕይወት ለማቈየት በዕውቀት መንገድ አስቀድመው ከሞከሩት ሰዎች አንዱ፤ ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ የለንደን የኬሚ ሊቅ ነው። ይህ ሰው ሃምሳ ሊትር ያህል ሊይዝ በሚችል የመስተዋት ዕቃ ውስጥ ውሃና የውሃ ተክል አግብቶ የጨመረው ዓሣ ቍጥሩ ሁለት ብቻ ነበረ፤ እነርሱም ትናንሽ ወርቃማ ዓሦች ናቸው። የተክሉ ቅጠል እየበሰበሰ ውሃውን ባደፈረሰው ጊዜ፤ ቅጠሉን የሚበሉ ቀንድ አውጣዎች ጨመረበትና ውሃው ጠራ። ይህንንም በ1850 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ለአገሩ የኬሚ ማኅበር አሳተመው። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1853 ዓ.ም. በለንደን የአራዊት ማሳያ ውስጥ የዓሣ ቤት ለሕዝብ ተከፈተ፤ ከዚያ ወዲህ አኳሪየም በየሰዉ ሳሎን ገባ። ጀማሪው ሊቅ በሁለት ዓሣ ያደረገውን፤ ዛሬ ጀማሪ የሆነ ሁሉ በሠላሳ ሊያደርገው ይሻል።

ዓሣ ኑሮው በውሃ ስለ ሆነ ውሃ ብቻ የሚበቃው ይመስለናል። ነገር ግን ዓሣም እንደ እኛ ኦክሲጂን ይተነፍሳል፤ ከበላውም የተረፈውን ከሰውነቱ ያስወግዳል። በወንዝና በሐይቅ ያለው ዓሣ ያስወገደውን ብዙው ውሃ ይወስድለታል። በገንዳ ያለው ግን በርና መስኮት በተዘጋበት በአንድ ክፍል ውስጥ እንደሚኖር ሰው ነው፤ እዚያው ይበላል፤ እዚያው ይተነፍሳል፤ ያስወገደውንም መልሶ ይተነፍሰዋል።

ከሚያስወግደው ነገር ዋናው፤ ከስንጥቡ የሚወጣው አሞኒያ የተባለው መርዝ ነው። የተረፈ ምግብና የሞተ ቅጠልም ሲበሰብስ ይህንኑ ይጨምራል። አሞኒያ ለዓይን አይታይም፤ ውሃው እንደ ጠበል ጠርቶ ሳለ ዓሣውን ይገድላል። ዓሣውን ከዚህ የሚያድኑት ደግሞ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዳንዶቹ አሞኒያውን ናይትራይት ወደሚባል ነገር ይለውጡታል፤ ይህም ራሱ መርዝ ነው፤ ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ወደ ሆነው ወደ ናይትሬት ይመልሱታል። እነዚህ ጠቃሚዎች ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በአሸዋው፣ በድንጋዩና ከሁሉ ይልቅ በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ነው። በአዲስ ገንዳ ግን ገና አልተራቡም፤ ተባዝተው ሥራቸውን የሚችሉት አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከቈዩ በኋላ ነው።

የዘመዳችን ዓሦች ያለቁበት ምክንያት በዚህ ተገለጠ። የ30 ዓሣ አሞኒያ በአንድ ቀን መውጣት ሲጀምር፤ መርዙን የሚያጠፋው ሠራዊት ገና አልተሰበሰበም ነበር። እኛም ይህን እንዳወቅን አስቀድመን የነገርነው፤ ጥፋቱ የልጅቱ እንዳልሆነ ዛሬውኑ እንዲያስረዳት ነው። እንግዲህ «ስንት ዓሣ?» የሚለው ጥያቄ «መቼ?» ከሚለው ሊለይ አይችልም። ዛሬ ሦስት ወይም አራት ዓሣ፤ ውሃው በጠብታ ወይም በወረቀት መመርመሪያ ተመርምሮ አሞኒያና ናይትራይት እንደሌለበት ሲረጋገጥ ደግሞ ሌላ ሦስት፤ እንዲህ እያሉ በብዙ ሳምንት ውስጥ ገንዳውን መሙላት ይገባል። ሙሉው ገንዳ የሚችለውን ቍጥር ባዶው ገንዳ አይችለውም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። 80 በ35 በ40 ሲባዛ በእርግጥ 112 ሊትር ይሆናል፤ ሻጩ በዚህ አልዋሸም። ነገር ግን ማንም ገንዳውን እስከ ከንፈሩ አይሞላውም፤ ከላይ 4 ሳንቲ ሜትር ቢቀር፤ ከታችም 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ ቢነጠፍበት፤ የውሃው ጥልቀት 31 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህም ወደ 87 ሊትር ነው። የመስተዋቱ ውፍረትና በውስጡ የሚቀመጠው ድንጋይ ሲቀነስ 80 ሊትር ያህል ይቀራል። ሰው ዓሣውን መቍጠር ያለበት በዚህ በ80ው ነው እንጂ በ112ቱ አይደለም። (መንገዳችንን እንዳንለቅ እንጂ ስለ ጠረጴዛውም ብዙ በተናገርን ነበር። 80 ሊትር ውሃ 80 ኪሎ ይመዝናል፤ አሸዋው፣ ድንጋዩና መስተዋቱ ሲጨመር ከ100 ኪሎ ያልፋል፤ የቡና ረከቦት የሚቀመጥበት ቀጭን ጠረጴዛ ይህን አይሸከምም።)

በአሜሪካ ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረው ደንብ ለአንድ ጋሎን ውሃ አንድ ኢንች ዓሣ የሚል ነው። በእኛ መለኪያ ሲመለስ፤ ለአንድ ሳንቲ ሜትር ዓሣ አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ማለት ነው። እንግዲህ 80 ሊትር 53 ሳንቲ ሜትር ዓሣ ይችላል፤ ይኸውም እያንዳንዳቸው 4 ሳንቲ ሜትር የሆኑ 13 ዓሦች ናቸው። የዓሣው ርዝመት የሚለካው ያለ ጭራው ነው፤ በተገዛበት ቀን ባለው ቁመትም አይደለም፤ አድጎ በሚደርስበት ቁመት ነው። በገበያ የሚታየው ዓሣ አብዛኛው ገና ጫጩት ነውና።

ይህ ደንብ ለትንንሾቹ ደኅና ነው፤ ለትልልቆቹ ግን ያታልላል። አንድ ዓሣ ቁመቱ አራት እጥፍ ሲያድግ ወርዱና ውፍረቱም አብረው አራት አራት እጥፍ ስለሚያድጉ፤ ክብደቱ 64 እጥፍ ይሆናል። ባለ 5 ሳንቲ ሜትር አራት ዓሦችና ባለ 20 ሳንቲ ሜትር አንድ ዓሣ በደንቡ እኩል ናቸው፤ በሚዛን ቢቀመጡ ግን አንዱ የአራቱን 16 እጥፍ ይመዝናል። የሚበላውና የሚያስወግደውም እንደ አካሉ ነው። ስለዚህ በዚህ ደንብ መቍጠር የሚገባው ከ6 ወይም ከ7 ሳንቲ ሜትር የማያልፉትን ዓሦች ብቻ ነው።

ሁለተኛው ደንብ የሚነሣው ከውሃው ፊት ስፋት ነው። ኦክሲጂን ወደ ውሃው የሚገባው ከላይ አየር በሚነካው ፊት በኩል ነውና፤ ረጅምና ጠባብ ገንዳ ብዙ ሊትር ቢይዝም ዓሣውን ያፍነዋል፤ ሰፊና ዝቅ ያለው ግን ያስተነፍሰዋል። ሙቅ ውሃ ለሚወዱት ትናንሽ ዓሦች ለአንድ ሳንቲ ሜትር ዓሣ 30 ካሬ ሳንቲ ሜትር፤ እንደ ወርቃማ ዓሣ ላሉት አካላቸው ደንዳና ለሆነ የብርድ ውሃ ዓሦች ደግሞ 75 ካሬ ሳንቲ ሜትር የውሃ ፊት ያስፈልጋል ይላሉ። የዘመዳችን ገንዳ ፊቱ 2800 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። ለትናንሾቹ 93 ሳንቲ ሜትር፤ ለወርቃማዎቹ ግን 37 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ከሁለቱ ደንቦች ያነሰውን ቍጥር መያዝ የጥንቃቄ ሥራ ነው።

በዚህ ላይ ግን የውጭ አገር መጻሕፍት የማይነግሩን አንድ ነገር አለ፤ ይህንንም ሳንገልጥ ብንቀር ሒሳቡ ሁሉ ከንቱ በሆነ ነበር። እነዚህ ደንቦች የተጻፉት አብዛኛውን ጊዜ ከባሕር ጠለል እምብዛም ከፍ በማይል ምድር ለሚኖሩ ሰዎች ነው። አዲስ አበባ ግን 2400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ከአራት እጅ ሦስቱን እጅ ያህል ነው፤ ውሃውም ከአየሩ የሚቀበለው ኦክሲጂን በዚያው ልክ ይጐድላል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ የሆነ አንድ ሊትር ጣፋጭ ውሃ በባሕር ዳርቻ 8.3 ሚሊ ግራም ኦክሲጂን ሊይዝ ሲችል፤ በአዲስ አበባ የሚይዘው ወደ 6.2 ሚሊ ግራም ነው። በባሕር ዳር ከተማ ጉድለቱ ከአምስት እጅ አንዱን እጅ፤ በድሬዳዋም ከስምንት እጅ አንዱን እጅ ያህል ይሆናል።

«የእኛ ውሃ ቀዝቃዛ ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ ኦክሲጂን አብዝቶ ይይዛል» የሚል ቢኖር እውነት አለው፤ ግን አይበቃም። በጅቡቲ ወደብ 30 ዲግሪ የሞቀ ጣፋጭ ውሃ በሊትር 7.6 ሚሊ ግራም ሲይዝ፤ በአዲስ አበባ 18 ዲግሪ የቀዘቀዘው ውሃ የሚይዘው ወደ 7.1 ሚሊ ግራም ነው። ይህን ባሰላን ጊዜ እኛም ተደንቀን ደግመን አሰላነው። አየር የሚነፋው ትንሽ ሞተርም ቢሆን ውሃው ከአካባቢው አየር ሊቀበል የሚችለውን ቶሎ ያደርስለታል እንጂ፤ ከዚያ በላይ አይጨምርለትም።

ስለዚህ ከውሃው ፊት የተገኘውን ቍጥር አዲስ አበባ ላይ በአንድ አራተኛ መቀነስ ይገባናል። የትናንሾቹ 93 ወደ 70 ይወርዳል፤ በሊትር የተቈጠረው 53 ግን ከዚያም ያነሰ ስለ ሆነ በእርሱ እንጸናለን። የወርቃማው ዓሣ 37 ደግሞ ወደ 28 ይወርዳል፤ ለእርሱ ወሳኙ ይህ ነው። ለምሳሌ አድጎ 18 ሳንቲ ሜትር የደረሰ ወርቃማ ዓሣ በባሕር አጠገብ በሚገኝ ከተማ በዚህ ገንዳ ሁለት ሆኖ ሊኖር ይችል ይሆናል፤ በአዲስ አበባ ግን አንድ ብቻ ነው። ዘመዳችን ስድስት አግብቶ ነበር፤ ያውም ከሌሎቹ 24 ጋር።

ስለ ወርቃማው ዓሣ ጥቂት መጨመር አለብን፤ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚገዛው እርሱን፤ አብዝቶም የሚበድለው እርሱን ነውና። «ዓሣ እንደ ዕቃው መጠን ያድጋል፤ በትንሽ ዕቃ ትንሽ ሆኖ ይቀራል» ሲባል ሰምተናል። ዓሣው ትንሽ ሆኖ የሚቀረው ግን ባደፈ ውሃ ውስጥ ሰውነቱ ስለ ተጐዳ እንጂ ለባለቤቱ አዝኖ አይደለም። ወርቃማ ዓሣ በደኅና ስፍራ ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ያድጋል፤ ከዐሥር ዓመት በላይም ይኖራል። በእንግሊዝ አገር በ1956 ዓ.ም. ከአንድ የገበያ በዓል ላይ በሽልማት የተገኘ ወርቃማ ዓሣ እስከ 1999 ዓ.ም. ድረስ 43 ዓመት ኖሯል። ይህን የመሰለውን ፍጡር ጠረጴዛ ላይ በምትቀመጥ ክብ የብርጭቆ ሳህን ውስጥ ማዋል አግባብ ስላልሆነ፤ በኢጣልያ አገር የሞንዛ ከተማ በ2004 ዓ.ም.፤ የሮማ ከተማም በ2005 ዓ.ም. ዓሣን በክብ ዕቃ ማኖርን በደንብ ከልክለዋል።

ከሐይቃችንም ዓሣ ይዘው የሚመጡ አሉ። አንድ ወዳጃችን ከሐዋሳ ሲመለስ ጣት የምታህል ቆሮሶ በጠርሙስ ይዞ መጥቶ በገንዳው ጨመራት፤ ዓመት ሳይሞላ ጎረቤቶቿን ሁሉ እያባረረች ገንዳውን ለብቻዋ ወሰደችው። ቆሮሶ ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚያድግ፤ ስፍራውንም የሚከላከል ዓሣ ነውና ለሳሎን የተገባ አይደለም። እንደ አምባዛ ያሉት ደግሞ ከውሃው ላይ ብቅ ብለው አየር መተንፈስ ስለሚችሉ ኦክሲጂን በጐደለው ውሃ ይታገሣሉ፤ አሞኒያው ሲበዛ ግን እነርሱንም ይጐዳል። በገበያ ቤታ የሚባለው ባለ ረጅም ክንፉ ዓሣም እንደዚሁ አየር ይተነፍሳል፤ ነገር ግን ሁለት ወንዶች በአንድ ገንዳ ከገቡ እስኪጋደሉ ይዋጋሉ፤ ለእርሱ ቍጥሩን የሚወስነው ውሃው ሳይሆን ጠባዩ ነው። በአንጻሩ ኒዮን ቴትራ የተባሉት ትንንሾች በመንጋ የሚኖሩ ስለ ሆኑ ከስድስት ካነሱ ይፈራሉ፤ ከተክልም ሥር ተደብቀው ይውላሉ። ዓሣው በዝቶበት የተቸገረ ሰው ቢኖርም ትርፉን ዓሣ ለሚያኖር ለሌላ ሰው ይስጥ እንጂ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ አይጣለው፤ በጣና ብቻ እንጂ በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኙ ዓሦች አሉን፤ ከሩቅ አገር የመጣ ዓሣ በሽታ ይዞ ቢገባባቸው መመለሻ የለውም።

ቍጥሩ ልክ መሆኑን ገንዳው ራሱ ይናገራል። በየሳምንቱ ከውሃው ሩቡ ተቀድቶ በአዲስ ውሃ ሲተካ፤ ናይትሬቱ በሊትር ከ40 ሚሊ ግራም በታች ሆኖ ከቈየ ዓሣው አልበዛም፤ ይህን ለማድረግ በየሁለት ቀኑ ውሃ መቅዳት ካስፈለገ ግን በዝቷል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለበት አስቀድሞ በክፍት ዕቃ አንድ ቀን ማሳደር፤ ወይም ለዚሁ የሚሸጠውን መድኀኒት መጨመር ይገባል። የማጣሪያውም ስፖንጅ ከገንዳው በተቀዳው አሮጌ ውሃ ይታጠብ፤ በቧንቧ ውሃ ቢታጠብ ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች ያልቃሉና። ምግቡም በሁለት ደቂቃ ተበልቶ የሚያልቀው ያህል ብቻ ይሁን። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን የሚታየው ጎሕ ሲቀድ ነው። ተክሉም ሌሊት እንደ ዓሣው ኦክሲጂን ስለሚወስድ፤ በውሃው ውስጥ ኦክሲጂን እጅግ የሚያንሰው ሊነጋ ሲል ነው። በዚያ ሰዓት ዓሦቹ ከላይ ተሰብስበው አፋቸውን እየከፈቱ ከታዩ ገንዳው ከአቅሙ በላይ ተጭኗል።

ዘመዳችን ከቀሩት 11 ዓሦች አራቱን ወርቃማዎች በግቢው ሰፊ የውሃ ገንዳ ላለው ለአንድ ወዳጁ ሰጠ። በቀሩት ሰባት ላይ ከሦስት ወር በኋላ አምስት ብቻ ጨምሮ 12 አደረጋቸው፤ ሁሉም ካደጉ በኋላ ከ4 ሳንቲ ሜትር የማያልፉ ናቸው። ሻጩ ገንዳው ባዶ ሆኖ እንደሚያስቀይም ነግሮት ነበር፤ እርሱ ግን አልሰማውም።

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት ከነጐድጓዱ ጋር መብራት ጠፋና እስኪነጋ ሳይመለስ ቀረ። ማጣሪያው ቆመ፤ አየር የሚነፋው ሞተር ቆመ፤ ውሃውን የሚያሞቀውም ብረት ቀዘቀዘ። ዘመዳችን የገንዳውን ጐንና ጐን በጋቢ ጠቅልሎ ላዩን ክፍት ተወው፤ ምግብም እንዳይሰጣቸው ከለከለ፤ በየግማሽ ሰዓቱም ከገንዳው በጣሳ ውሃ እየቀዳ ከአንድ ክንድ ከፍታ ላይ መልሶ ያፈስ ጀመር፤ ውሃ ከላይ ሲወርድ አየር ይዞ ይገባልና። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ባለቤቱ ተተካችው። ሊነጋ ሲል ልጅቱ ከመኝታዋ ተነሥታ ሻማ ይዛ መጣች፤ ከገንዳው ፊትም ተንበርክካ በጣቷ እያመለከተች አንድ ሁለት ብላ እስከ 12 ቈጠረች።